ዋስህ ማን ነው?

አማኑኤል ሰፈር ዕቃ በዱቤ ሊወስድ የመጣ ሰው ቀድሞ የሚጠየቀው የገንዘቡን መጠን አይደለም። «ማን ላከህ?» ይባላል። የሚታመን ስም ከጠራ ለዚያ ሰው ይደወላል፤ ዱሮ ከሆነ ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ተጽፎ ይመጣል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ልጁ ወደ ሸራ ተራ ቢሄድ ወደ ምናለሽ ተራ፣ የዋሱ ስም አብሮት ይዞራል። እያንዳንዱ ነጋዴ ልጁን ከነዘር ማንዘሩ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ዋሱን ማወቁ ይበቃዋል።

ከዚያው ሳንርቅ አውቶቡስ ተራ አለ። ሞባይል ከመምጣቱ በፊት ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር። የታሸገ ፖስታ ለማያውቁት ረዳት ሰጥቶ ደሴ ወይም ጎጃም እስኪደርስ መጠበቅ ማንንም አያስገርምም ነበር። ረዳቱ ይሸከመዋል፣ ያደርሰዋል፣ ግን አይከፍተውም። ቢከፍተው ደግሞ ማሸጊያው ይመሰክርበታል።

እነዚህ ሁለት ልማዶች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። የመጀመሪያው «ይህ ሰው እውነት እሱ ነው ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በመካከላችን ያለው ሰው ይሰማናል ወይ?» ይላል። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ለመመለስ ቀድመው ከተነሡት መካከል ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ ዶርም ውስጥ የምትልኩት መልዕክት፣ በአንድ ቁጥር የምትገቡባቸው በሮች ሁሉ፣ የዚያ ታሪክ ልጆች ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ ከአማኑኤል ተነሥቼ መተረክ የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

ለሚስጥር የማይሆን ኮምፒውተር

እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከዲጂታል ኢኩዊፕመንትና ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ፕሮጀክት አቴና የሚባል ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ዛሬ ተራ ይመስላል፦ አንድ ተማሪ ግቢው ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች የፈለገው ላይ ይቀመጥ፣ የራሱን ፋይል፣ የራሱን ኢሜይልና ማተሚያውን ያግኝ። ከዚያ በፊት ሰዎች የሚሠሩት በአንድ ትልቅ ማሽን ላይ ነበር። ማሽኑ አንድ ጊዜ ካወቃችሁ ሁሉም ነገር እዚያው ውስጥ ስለሆነ ችግር የለም። አሁን ግን ፋይሉ አንድ ቦታ፣ ኢሜይሉ ሌላ ቦታ፣ ማተሚያው ሦስተኛ ቦታ ሆነ። እያንዳንዱ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

ችግሩ መልሱን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ይመልስ ቢባል፣ ኮምፒውተሩ ያለው ማንም በሚገባበት ላብ ውስጥ ነው። በአቴና ላቦች የነበሩት ኮምፒውተሮች የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ተማሪው ሁሉ የሚያውቀው ነበር። ስለዚህ አንድ ፈጣን ልጅ ኮምፒውተሩን «እኔ ፕሮፌሰር እከሌ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽለት ማድረግ አያቅተውም። ለእያንዳንዱ በር ፓስወርድ ይጻፍ ቢባል ደግሞ፣ ፓስወርዱ በሽቦው ላይ ራቁቱን ሲያልፍ መስመሩ ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ይሰማዋል።

መፍትሔው ዋስ ነበር። ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት የማይተዋወቁ ወገኖች በሦስተኛ ታማኝ አማካይነት እንዴት እንደሚተማመኑ አሳይተው ነበር። የአቴና ሰዎች፣ ስቲቭ ሚለርና ክሊፎርድ ኒውማን፣ ይህን ይዘው ኬርቤሮስ የሚባለውን ሥርዓት ነደፉ። ኬርቤሮስ በግሪኮች ተረት የሙታንን ዓለም ደጃፍ የሚጠብቅ ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው።

አሠራሩን በአማኑኤል ቋንቋ ልንገራችሁ። ግቢው ውስጥ አንድ ዋስ አለ፤ በተቆለፈ ክፍል የተቀመጠ ሰርቨር ነው። የእያንዳንዱን ተማሪ ሚስጥር ያውቃል፣ የእያንዳንዱንም ሱቅ ሚስጥር ያውቃል። ጠዋት ስትመጡ ስማችሁን ብቻ ትልኩለታላችሁ። እሱ መልሱን በእናንተ ፓስወርድ በተሠራ ቁልፍ ቆልፎ ይልክላችኋል። ትክክለኛው ሰው ከሆናችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ ሌላ ሰው ከሆነ የማይፈታ ጽሑፍ ይዞ ይቀራል። ፓስወርዱ ራሱ በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ አላለፈም። ከተከፈተው ውስጥ ትኬት ይወጣል። ወደ ማተሚያው መሄድ ስትፈልጉ ትኬቱን ለዋሱ አሳይታችሁ ለማተሚያው ብቻ የሚሆን ሌላ ትኬት ትቀበላላችሁ፤ ይህ ደግሞ በማተሚያው ቁልፍ የታሸገ ነው። እናንተ ትሸከሙታላችሁ እንጂ ልትከፍቱት አትችሉም፤ ልክ እንደ አውቶቡስ ተራው ረዳት። ማተሚያው ከፍቶ ያየዋል፣ የዋሱን ማኅተም ይለያል፣ ያስገባችኋል። ፓስወርድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሮች ብዙ።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አልነበረም። ከጥር 1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአቴና 5,000 ተጠቃሚዎች፣ 650 ኮምፒውተሮችና 65 ሰርቨሮች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት በኬርቤሮስ ብቻ ነበር። ቢል ብራያንት የተባለ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ደግሞ በ1988 አሠራሩን ለማስረዳት ቴአትር ጻፈ፤ አቴናና ዩሪፒደስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአራት ትዕይንት እየተከራከሩ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰበት፣ ከተራ ፓስወርድ ተነሥተው ኬርቤሮስ ላይ ይደርሳሉ።

የሰዓት ነገርም አለ። አንድ ሌባ የታሸገውን ትኬት ከመስመር ላይ ቀድቶ በኋላ ቢጠቀምበትስ? ለዚህ ሲባል ትኬቱ ዕድሜ ተሰጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 8 ሰዓት ነበር፣ አንድ የሥራ ቀን ማለት ነው። ከትኬቱ ጋር የሚላከው ማረጋገጫም ሰዓት ይጻፍበታል። የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት ከተወሰነ ልዩነት፣ እንደ ልማዱ ከ5 ደቂቃ፣ በላይ ከተራራቀ ዋሱ አይሰማችሁም። ይሄ ለእኛ ትንሽ ቀልድም አለው። ጠዋት በ2 ሰዓት ትምህርት የሚጀምር አገር ሰው የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጁ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ካዞረው ከዓለም በ6 ሰዓት ተለይቷል። ከዚያ ፓስወርዱ ልክ ሆኖ በሩ አልከፍትም ሲለው ቢውል አይደንቅም።

ስሙን የሚያውቅ፣ ሚስጥሩን የማይጠብቅ

በዚያው በአቴና፣ በዚያው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ዘፊር የሚባል የፈጣን መልዕክት አገልግሎት ተሠራ። ዘፊር የምዕራብ ነፋስ ነው፤ ግሪክ ሆነው ቀሩ እንግዲህ። መልዕክቱ ጓደኛችሁ ግቢው ውስጥ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ፈልጎ በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። የጋራ መወያያ ክፍሎችም ነበሩት። ዋትሳፕ ሊወለድ ሃያ ዓመት ገደማ ሲቀረው ተማሪዎች ሌሊቱን ሙሉ «የቤት ሥራውን ጥያቄ 3 ማን ሠራ?» እየተባባሉ ነበር ብላችሁ አስቡት።

ዘፊር ከኬርቤሮስ ጋር ስለተጋባ የላኪው ስም እውነት መሆኑን ይነግራችኋል። በእከሌ ስም የሐሰት መልዕክት መላክ ከባድ ነው። ነገር ግን የመልዕክቱ ቃል አልተመሰጠረም ነበር። መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ማንበብ ይችላል። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ይህ የዩኒቨርሲቲ ፈጣን መልዕክት የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ፤ ሁለተኛውን ግን ተወው። ማን እንደሆንክ ያውቃል፤ ማን እንደሚሰማህ ግን አይቆጣጠርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጊዜ ወሰደ። አንዱ ምክንያት መንግሥታት ምስጠራን እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጥሩት ስለነበር ነው። በአሜሪካ ሕግ ኬርቤሮስን ከነምስጠራው ወደ ውጭ መላክ ስለማይፈቀድ፣ ምስጠራው ተቀንሶ የወጣው ቅጂ «አጥንት» የሚል ስም ተሰጠው፤ ሥጋው ተገፎ የቀረ ማለት ነው። ኤሪክ ያንግ የተባለ አውስትራሊያዊ ሥጋውን ከዜሮ ሠርቶ መለሰለት። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃበር የሚባለው ክፍት የመልዕክት ሥርዓት ሲመጣ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመልዕክት ሰርቨር ማቋቋምና ከራሱ መግቢያ ጋር ማያያዝ ቻለ። እዚህ ላይ ግን በመንገድ ላይ ያለው ሽቦ ቢታሸግም የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ራሱ ሁሉን ያነባል። በ2004 ኒኪታ ቦሪሶቭ፣ ኢያን ጎልድበርግና ኤሪክ ብሩወር ኦቲአር የተባለውን ዘዴ አቀረቡ፤ መልዕክቱ ከስልክ እስከ ስልክ፣ ከሰው እስከ ሰው ይታሸጋል፣ በመካከል ያለው ሰርቨር እንደ ረዳቱ ይሸከማል ብቻ። ዛሬ ሲግናል የሚሠራበት፣ ዋትሳፕም ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ ያዳረሰው ሐሳብ ከዚያ መሥመር የወረደ ነው።

እኛ ጋ

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለቱ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። በነገሥታቱ ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ማኅተም ይጠብቅ ነበር፤ ማኅተሙ «ይህ ቃል የእኔ ነው» ይላል። ሚስጥሩ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ የቀረውን ቃል የታመነው መልዕክተኛ በአፉ ይነግራል። ማንነት በማኅተም፣ ምስጢር በሰው። ሙግትም ቢሆን ያለ ዋስ አይጀመርም ነበር። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር ታስሮ ቁራኛ ይሆናል።

በምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሲዘረጋ በመካከል አዲስ ሰው ገባ፤ መስመር የሚያገናኘው ስልከኛ። እሱ ማሸጊያ አይቀድድም፤ የሚቀደድም የለም፤ ጆሮውን ማቅረብ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካችን በአብዛኛው የስልከኛው ታሪክ ነው።

ኢንተርኔት ገና ሳይገባ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል ያዩ ሰዎች ያዩት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በነበረው ፓዲስ በኩል ነበር። መልዕክቱ ይጠራቀምና ስልክ ተደውሎ በአንድ ጊዜ ይላካል። መደበኛው ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. መጣ፤ አንድ በር፣ አንድ ቴሌ። ስለዚህ ስልከኛውም አንድ ነበር።

አንድ ስልከኛ ምን ማለት እንደሆነ ያየነው በ1997 ዓ.ም. ነው። የግንቦቱን ምርጫ ተከትሎ የጽሑፍ መልዕክት ተዘጋ። ሁለት ዓመት ያህል በዚህ አገር በሞባይል «ደረስኩ» ብሎ ጽፎ መላክ አልተቻለም፤ የተከፈተው በሚሌኒየሙ መባቻ፣ 2000 ዓ.ም. ሊብት ሲል ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተማሪዎች የፍቅር ቃላቸውንም የስብሰባ ሰዓታቸውንም እንደገና በሰው መላክ ጀመሩ።

በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው ማንነትን የሚሸሽግ መንገድ ተዘጋ። የተዘጋው የመልዕክቱን አካሄድ ውስጡ ድረስ በሚመረምር መሣሪያ ነው። በዚያው ዓመት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ደግሞ የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሽብር ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ መልዕክትን የመመስጠርና ራስን በኢንተርኔት የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር፤ ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የሚባለው ለማንም ክፍት የሆነ መመሪያ ስሙ ከክሱ ጋር ተነሣ። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ማሸጊያ መግዛት እንደ ማስረጃ የቀረበበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። አሜሪካ ምስጠራን ከመሣሪያ ጋር ስትመድብ እኛ ደግሞ ከሽብር ጋር መደብነው።

ማሸጊያ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2013 እ.ኤ.አ. ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተቃዋሚ ፖለቲከኞችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ሲሠራጭ እንዳገኘ አሳወቀ። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም የቀረበ፣ በኮምፒውተሩ የገባው ይኸው ፕሮግራም የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳበት ነበር ብሎ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 ክሱን አልቀበልም አለ፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም በማለት። ስካይፕ በመንገዱ ላይ የተመሰጠረ ነበር፤ ግን ሰላዩ መንገዱ ላይ አልጠበቀም። ቤት ውስጥ፣ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት፣ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ነበር።

የይለፍ ቃል የሚገድልበት ጊዜ

እስቲ ወደ መግቢያው ጥያቄ ልመለስ። ከኬርቤሮስ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ እርምጃ ሄዱ። የአንዱ ግቢ ተማሪ በሌላው ግቢ ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ የአንዱ ዋስ ለሌላው ዋስ እንዲመሰክር አደረጉ። ለዚህ የተሠራውና በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቅጂው የወጣው ሥርዓት ስሙ ሺቦሌት ነው።

ስሙን መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ታገኙታላችሁ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል። የኤፍሬም ሰው «ሺ»ን ማለት አይሆንለትም፤ «ሲቦሌት» ይላል። በምላሱ ይታወቃል፣ ይገደላል። በዚያ መሻገሪያ 42 ሺህ ሰው እንደወደቀ ተጽፏል።

ምህንድስናው ጥሩ ሆኖ ስሙን የመረጡት ሰዎች ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ስለ መታወቂያ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ሰውን የመለየት መሣሪያ ማንን ለማስገባት እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ማንን ለማስቀረት ሊውል እንደሚችል ማሰብ ይገባል። የቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር እንደነበረ፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ያ መስመር ምን ያህል ሰው እንዳስፈራ፣ ለዚህ አገር ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። መታወቂያ የሚጠየቅበት ኬላም ዮርዳኖስ ነው።

አንድ ቁጥር፣ ብዙ በር

አሁን ፋይዳ መጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረቱን ሰጠው። ፋይዳ ብሔርና ሃይማኖት አይመዘግብም፤ ይህ ከቀበሌው ወረቀት የተሻለ ትልቅ ነገር ነው። የተሠራበት ሞሲፕ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር የተወለደ ሲሆን በአንድ መግቢያ ብዙ አገልግሎት የመክፈት መንገድም አለው። ከ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። የአቴና ግቢ ሐሳብ ወደ አገር ስፋት አደገ ማለት ነው። አንድ ዋስ፣ በሮቹ ባንክ፣ ሲም ካርድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል።

እዚህ ላይ ነው አማኑኤል የሚመጣው።

ከሰፈሩ ውጭ ላለ አዲስ አበቤ «አማኑኤል» ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ቤተ ክርስቲያኑ ወይም ገበያው አይደለም፤ ሆስፒታሉ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስሙ በከተማው አፍ ስድብ ሆኖ ኖሯል። «አማኑኤል ይወስዱሃል» ያልተባለ ልጅ ጥቂት ነው። የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ አድራሻቸውን ሲናገሩ ፈገግ የሚልባቸው ሰው ያጋጥማቸዋል። አሁን አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አስቡ። እንቅልፍ አጥቷል፣ ከሰው ተለይቷል፣ በመጨረሻ ደፍሮ እዚያ በር ላይ ቆመ። የሚታከምበት ቁጥር፣ ሬጅስትራር የሚያውቀው ቁጥር፣ ነገ ሥራ ሲያመለክት ቀጣሪው የሚጠይቀው ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ጥያቄው «ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ?» መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው እነዚህን በሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ማን ነው የሚል ሆኗል።

የአቴና ሰዎች ለዚህ ግማሽ መልስ ነበራቸው። የማተሚያው ትኬት ስለ ኢሜይላችሁ አይናገርም፤ እያንዳንዱ ሱቅ የሚያየው የራሱን ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። ዋሱ ግን የትኞቹን በሮች እንዳንኳኳችሁ ያውቃል። በውስጡ ምን እንዳላችሁ አይሰማም፤ የሄዳችሁበትን መዝግቦ ሊያስቀምጥ ግን ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታል መሄዳችሁ ብቻውን፣ ሐኪሙ የጻፈው ሳይነበብ፣ በቂ ወሬ ነው። ሞሲፕ ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለያየ መለያ የመስጠት ዘዴ አለው፤ ባንኩ የሚያየው መለያ ሆስፒታሉ ከሚያየው ጋር እንዳይገጥም። ፋይዳም ዋናው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር በየቦታው እንዳይሰጥ ባለ 16 አሃዝ ምትክ ቁጥር አዘጋጅቷል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን በየቢሮው ያለው ሰው «ፎቶ ኮፒውን አምጣ» ማለቱን ሲተው ነው። ወረቀቱ ሰባት ቦታ ከተባዛ፣ ሰባቱም መሳቢያ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር ካለ፣ ምህንድስናው የቱንም ያህል ቢራቀቅ በሮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ጥሩ ነው። ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ አንድ መግቢያ ሲያቆም ተማሪው በዚህ አዋጅ ይዞ መጠየቅ አለበት፦ መዝገቡ ስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ያየዋል? የክሊኒኩ በር ከሬጅስትራሩ በር ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፋል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የአይቲ ክፍሉ ብቻ እንዲመልሳቸው መተው ማኅተሙንም ቁልፉንም ለአንድ ሰው እንደ መስጠት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ሙዳየ ምጽዋት እንኳ ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ያም አንዱን ሰው ሌባ ነው ከማለት አይደለም።

ግሩፑ

እስከዚያው ግን የአብዛኛው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ቴሌግራም ውስጥ ነው። ማስታወቂያ፣ ሃንድአውት፣ የፈተና ፕሮግራም፣ አንዳንዴም በመታወቂያ ቁጥር የተደረደረ ውጤት እዚያ ይለጠፋል። «ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል» የሚለው ወሬም አብሮ ይዞራል። እውነቱ ይህ ነው፦ የቴሌግራም ተራ ንግግርና ግሩፕ ከስልክ እስከ ስልክ የታሸገ አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን ቁልፉም ከድርጅቱ ጋር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታሸገው ሁለት ሰው ብቻ የሚነጋገሩበት «ሚስጥራዊ ንግግር» የሚባለው ነው፤ እሱም ራሳችሁ ካልከፈታችሁት አይበራም። ግሩፕ ደግሞ ጭራሽ የለውም።

ዋሳችሁስ ማን ነው? ቴሌግራም የሚያስገባችሁ በስልክ ቁጥራችሁ ነው፤ መግቢያ ኮድ በጽሑፍ መልዕክት ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ ዋሳችሁ ሲም ካርዳችሁ፣ ከሱም ጀርባ የቴሌው መስመር ነው። በ1997 ዓ.ም. ያየነው ስልከኛ ዞሮ ዞሮ በሩ ላይ ተቀምጧል። ኮዱን በእጁ ያስገባ ሰው እናንተን ሆኖ ይገባል፤ ቅንብሩ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለውን ከፍታችሁ የራሳችሁን ፓስወርድ ካልጨመራችሁ በቀር። ይህን ማድረግ 2 ደቂቃ አይፈጅም። የሁለተኛ ደረጃ መፈተኛው በግንቦት 2008 ዓ.ም. በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ፣ ከዚያም ወዲህ ኔትወርኩ በየፈተናው ሲዘጋ፣ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራም ራሱ ለወራት ሲታገድ አይተናል። ምንም ዓይነት ማሸጊያ መንገዱ ከተዘጋ አያደርስም።

ስለዚህ አንድ የክፍል ተወካይ ዛሬ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ማስታወቂያው ግሩፑ ላይ ይቆይ። የታመመ ልጅ፣ የተበደለች ልጅ፣ ክስ ያለበት ጉዳይ ግን ከግሩፑ ይውጣ፤ በሲግናል ወይም በሚስጥራዊው ንግግር ይሁን፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ በአካል። ውጤት ከነመታወቂያ ቁጥሩ የሚለጥፍ መምህር ካለ በአክብሮት ይነገረው፤ ቁጥሩ የልጁ ስም ነው። ይህን ለመጠየቅ የኮምፒውተር ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴ ዋሱን ስለገንዘቡ ጠይቆት ያበቃል። ልጁ ትናንት ማታ የት እንዳደረ፣ የትኛው ሐኪም ቤት እንደገባ ለመጠየቅ አይደውልም። ቢደውልም ደህና ዋስ አይነግረውም።